ከፊት ያለው ይከፍላል፣ ከኋላ ያለው ይተነፍሳል

ለፒክ አፕ መኪና ተለዋጭ የጭስ ማውጫ ስለ መምረጥና ስለ መግጠም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ለዛሬው ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል። ነገሩ ስለ ሞተር አይደለም፤ ስለ ካምቢዮም አይደለም። በመኪናው ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ጭቃና ጠጠር ሲመታው ስለሚኖረው፣ ዝጎ ካልተበሳ ወይም ተነቅሎ ካልወደቀ በስተቀር ማንም ጎንበስ ብሎ ስለማያየው ስለ ጭስ ማውጫ ነው። ይሁን እንጂ በጋራዥ ሥራ ውስጥ ለኖረ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው። የፒክ አፕ ባለቤት መኪናውን ከፋብሪካ ከወጣበት መልክ ለማሻሻል በተነሣ ጊዜ፣ ከጎማና ከመብራት ቀጥሎ እጁን የሚዘረጋው ብዙ ጊዜ ወደ ጭስ ማውጫው ነው። አንዱ አሮጌው ስለ ዛገበት፣ ሌላው ጉልበት የሚያገኝ መስሎት፣ ሦስተኛው ደግሞ ድምፁ ደስ እንዲለው ብቻ ሲል ያስለውጠዋል። እኛም እንለውጥለታለን። ነገር ግን ለማን ብለን እንደምንለውጥ ራሳችንን የምንጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በእኔ አስተያየት የዚህ ሥራ ቁም ነገር በአንድ ቀላል እውነት ላይ የተመሠረተ ነው። በጭስ ማውጫ ሥራ ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ከፊት ተቀምጧል፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ሰው ግን ከኋላ ነው። ፍሬን የሚያስጠግን ሰው ፍሬኑ ባይይዝ አደጋው በራሱ ላይ ስለሚደርስ ሥራችንን አጥብቆ ይመረምራል። የጭስ ማውጫ ሥራ ግን ቢበላሽ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ሂሳቡን ባልከፈለና ዕቃውን ባልመረጠ ሰው ላይ ነው፤ ይኸውም በካሶኒው ላይ በተቀመጠው የቀን ሠራተኛ፣ በመንገድ ዳር በሚሄደው ተማሪ፣ በደጃፏ ቁጭ ብላ ቡና በምትቆላው እናት ላይ። ስለዚህ በዚህ ሥራ የደንበኛው መርካት ብቻውን የሥራው መለኪያ ሊሆን አይችልም። ያልጠራናቸው፣ ያልተስማማናቸውና የማናውቃቸው ሌሎች ደንበኞች አሉን።

የጭስ ማውጫ ተግባር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስለ ምርጫ ከመነጋገራችን በፊት ይህ ዕቃ ስንት ሥራ እንደሚሠራ እንመልከት። ጭስ ማውጫ አራት ተግባሮች አሉት።

አንደኛው፣ የተቃጠለውን ጋዝ ከሰው አርቆ መጣል ነው። በቤንዚን ሞተር ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለ። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ኃይል ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ጠባዩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አያይዘው የተኙ ሰዎች በዚያው የቀሩበትን ታሪክ ያልሰማ ቤተሰብ በአገራችን ጥቂት ነው። ያ የከሰል ጋዝና ይህ የመኪና ጋዝ አንድ ነው። የናፍጣ ሞተር ከዚህ ጋዝ የሚያወጣው ያነሰ ቢሆንም፣ በጥቀርሻና በናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይብሳል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተርን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ሁለተኛው ተግባር ድምፅን ማብረድ ነው። ይህ ሐሳብ የተነሣው መኪና ራሱ ገና ሕፃን በነበረበት ዘመን ነው። ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ለሞተር ድምፅ ማብረጃ፣ ማለትም ለማርሚታ፣ የፈጠራ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1897 ነው።

ሦስተኛው፣ ሞተሩ የተቃጠለውን ጋዝ በትንሽ ድካም እንዲያስወጣ መንገድ መክፈት ነው። አራተኛው በኋላ ዘመን የመጣ ሲሆን፣ ጋዙ አየር ውስጥ ከመግባቱ በፊት መርዙን መቀነስ ነው።

ደንበኛው ወደ ጋራዣችን ሲመጣ የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ከነጭራሹ እንድንሽርለት የሚጠይቅም አለ። አንደኛውንና አራተኛውን የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም። እነዚህን ሁለቱን አስታውሶ መናገር ያለበት ባለሙያው ነው።

ስለ ጉልበት የሚነገረውና እውነቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ፒክ አፕ የሚነዳ ሰው ደጋግሞ የሚያሰማው ስሞታ «መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል» የሚል ነው። ከዚያም «ጭስ ማውጫው አፍኖት ይሆናል፤ ክፈቱልኝ» ይላል። ስሞታው እውነት ነው፤ የታዘዘው መድኃኒት ግን ለሌላ በሽታ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምጥ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ከጉልበቱ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል። እንግዲህ ጉድለቱ ያለው በሚገባው አየር እንጂ በሚወጣው ጭስ አይደለም። እንዲያውም ውጭ ያለው አየር ስስ በመሆኑ ጭሱ ከቆላ ይልቅ በደጋ በቀላሉ ይወጣል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በአገራችን በብዛት ከታዩት የቶዮታ ሂሉክስ መኪናዎች መካከል 5ኤል የተባለው፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ያላቸው ይገኙበታል። የሞተሩ መጠን 2,986 ሲሲ፣ ማለትም ሦስት ሊትር ያህል ነው። በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ይሞላሉ ብንል፣ በሰከንድ 100 ሊትር አየር ይውጣል። ይህ አየር ተቃጥሎ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲወጣ ተስፋፍቶ 260 ሊትር ያህል ይሆናል። የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ይህ ጋዝ በሰከንድ 130 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ቱቦው 63 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፍጥነቱ ወደ 85 ሜትር ይወርዳል። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ለሆነ ቀጥተኛ ቱቦ ስናሰላው፣ ከ50 ወደ 63 በመሸጋገራችን የሚቀነሰው ተቃራኒ ግፊት 4 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ከ63 ወደ 76 ብንሸጋገር ደግሞ የምናተርፈው ተጨማሪ አንድ ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ኪሎ ፓስካሎች ራሳቸው በዚህ ዓይነቱ ሞተር ላይ ከጉልበቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም።

ስለዚህ ከፍታው ከመቶ ሃያ አምስት እጅ ያህል ወስዶበት የመጣን ሰው፣ አንድ እጅ በማትሞላ ነገር «መለስንልህ» ብለን ማሰናበት ከሙያ ክብር ጋር አይስማማም። መኪናው በእርግጥ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚደክም ከሆነ አስቀድሞ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው፤ ከዚያም የናፍጣ ፓምፑና ኖዝሎቹ ይመረመራሉ። ጥቁር ጭስም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን ጭስ ማውጫው መታፈኑን ሳይሆን፣ ለስሱ አየር ናፍጣው መብዛቱን ነው። ጭስ ማውጫው ታፍኖ እንደሆነ ለማወቅም መገመት አያስፈልግም። በቤንዚን መኪና ላይ የፊተኛውን የኦክሲጅን ሴንሰር አውጥቶ በቦታው የግፊት መለኪያ መግጠምና ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ መያዝ ነው። መለኪያው ከ20 ኪሎ ፓስካል በላይ ካሳየ የታፈነ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ቱቦውን ከመቁረጣችን በፊት ለደንበኛው እውነቱን እንንገረው።

ቱርቦ ላለው ሞተር ነገሩ በመጠኑ ይለያል። የቱርቦው ተርባይን የሚሽከረከረው ከፊቱና ከኋላው ባለው የግፊት ልዩነት በመሆኑ፣ ከተርባይኑ በኋላ ያለውን መንገድ ማስፋት ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም የነዳጁ ልክ በኮምፒውተር በሚወሰንበት ሞተር ላይ ቱቦ መለወጥ ብቻውን ብዙ አይፈይድም።

በተቃራኒው ደግሞ «ሞተር ተቃራኒ ግፊት ይፈልጋል» የሚል አባባል ይሰማል። ይህም ስሕተት ነው። ሞተር የሚፈልገው ግፊት አይደለም፤ የጋዙ ፍጥነት ነው። ልኩን ጠብቆ በተሠራ ቱቦ ውስጥ የሚሮጥ ጋዝ ከኋላው ያለውን እየሳበ ሲሊንደሩን ያጸዳል። ቱቦው ያለ ልክ ሲሰፋ ይህ መሳብ ይደክማል። በተለይ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዝቅተኛ ዙር ላይ፣ ማለትም ጭነት ይዞ በሚነሣበት ጊዜ፣ ጉልበት ያጣል። ፒክ አፕ የሚኖረው ደግሞ በዚሁ ዝቅተኛ ዙር ላይ ነው። ስለሆነም ከፋብሪካው ልክ አንድ ደረጃ ብቻ መስፋት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ለባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሁለት ጭስ ማውጫ መግጠም ጌጥ ነው እንጂ ጥቅም የለውም።

ማርሚታ፣ መታጠፊያና ብረት

ማርሚታ በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በውስጡ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ሲሆን፣ የድምፁ ሞገድ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመለሰ እርስ በርሱ እንዲጣፋ ያደርጋል። ሁለተኛው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ቀጥተኛ ቱቦ ሆኖ ዙሪያው በመስታወት ጥጥ ወይም በብረት ጥጥ የታጨቀ ነው። ይህ ለጋዙ ሰፊ መንገድ ይከፍታል፤ ቀጭን ድምፅንም በደንብ ይውጣል፤ ወፍራሙን ድምፅ ግን ያሳልፋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 67 ጊዜ ያህል ይተኩሳል፤ ይህ ዝቅተኛ ድምፅ በፒክ አፕ ጋቢና ውስጥ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። በጋራዥ ደጃፍ ለአምስት ደቂቃ ሲሰሙት ደስ ያሰኘው ድምፅ፣ እስከ ደሴ ሲነዱ ራስ ምታት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የመስታወት ጥጡ በጊዜ ብዛት ስለሚቃጠልና ስለሚበተን ድምፁ በየዓመቱ ይብሳል። ስለዚህ ለሥራ መኪና በክፍል የተከፋፈለው ወይም ሁለቱን ያጣመረው ማርሚታ ይመረጣል።

መታጠፊያውም ከቱቦው ስፋት ያላነሰ ዋጋ አለው። በመጠምዘዣ ተጨፍልቆ የታጠፈ 63 ሚሊ ሜትር ቱቦ በማጠፊያው ላይ የ50 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው የከፈለበትም ስፋት እዚያው ይቀራል። በውስጡ ድጋፍ እየገባ በሚያጥፍ መኪና የተሠራ መታጠፊያ ካልተገኘ፣ የቆየው ዘዴ ዛሬም ያገለግላል፤ ይኸውም ቱቦውን ፍጹም በደረቀ አሸዋ ጠቅጥቆ በእሳት አግሎ ማጠፍ ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ግን በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ መድፈኛውን እንደ ጥይት ስለሚያስፈነጥረው ይህን ሥራ ያለ ጥንቃቄ መሥራት አይገባም።

ስለ ብረቱ ስንመጣ፣ ተራ ብረት ርካሽ ነው፤ ግን ቶሎ ይዝጋል። አሉሚኒየም የተቀባ ብረት ይሻላል። ከዝገት ተከላካይ ብረቶች መካከል ለጭስ ማውጫ የሚያገለግሉት 409 እና 304 የሚባሉት ናቸው። 409 ወደ 11 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ማግኔት ይስበዋል፤ ላዩ ቡናማ ቢሆንም በቀላሉ አይበሳም። 304 ደግሞ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል ስላለው ብሩህ ሆኖ ይቆያል፤ ማግኔትም እምብዛም አይስበውም። ስለዚህ ማግኔት የሳበውን ሁሉ «ተራ ብረት ነው» ብሎ መጣል ስሕተት ነው።

ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ግን በዚንክ ስለ ተለበጠው የውሃ ቧንቧ ነው። በቀላሉ ስለሚገኝ ለጭስ ማውጫ የሚያውሉት አሉ። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በብየዳ እሳት ውስጥ ደግሞ ይተንናል። በያጁ ነጩን ጭስ ሲስብ በዚያው ሌሊት እንደ ወባ የሚያንዘፈዝፍ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህም ከኋላ ያለው ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚሠራው ሰው ጭምር የሚተነፍሰው ጭስ ነው። የውሃ ቧንቧ ለውሃ ይሁን።

ሊነካ የማይገባው ክፍል

በዘመናዊ የቤንዚን ፒክ አፕ ላይ ከማኒፎልዱ ቀጥሎ ካታሊስት የተባለ፣ በውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ክፍል ይገኛል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ካስገደደ በኋላ፣ በ1975 ሞዴል መኪናዎች ላይ ነው። በቀዳዳዎቹ ላይ የተቀባው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ይህን ክፍል እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይገድለው ስለ ነበር፣ ለካታሊስቱ ሲባል የተጀመረው ቤንዚንን ከእርሳስ የማጽዳት ሥራ የልጆችን ጤና ጭምር ጠቀመ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ላይ ከነዳጅ ማደያዎች ፈጽሞ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

በዘመናዊ የናፍጣ መኪና ላይ ደግሞ ጥቀርሻን ይዞ በየጊዜው በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል ማጣሪያ አለ። «ያፍነዋል፤ አውጥተን ቀጥ ያለ ቱቦ እንበይድልህ» የሚለው ምክር በብዙ አገር ይሰማል። የዚህ ምክር ውጤት የታየው የፒክ አፕ አገር በሆነችው በአሜሪካ ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2020 ባወጣው ዘገባ፣ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክ አፖች የጭስ ማጽጃቸው እንደ ተነቀለ ወይም እንዳይሠራ እንደ ተደረገ ገምቷል። በእነዚህ መኪናዎች ዕድሜ ውስጥ ከሕጉ ልክ በላይ የሚወጣውም የናይትሮጅን ኦክሳይድ ከ570,000 ቶን እንደሚበልጥ አስልቷል። እያንዳንዱ ባለቤት የነቀለው አንዲት ዕቃ ነበር፤ ድምሩን የተነፈሰው ግን ሕዝቡ ነው።

ስለሆነም ተለዋጭ ጭስ ማውጫ ስንመርጥ የምንለውጠው ከካታሊስቱ ወይም ከማጣሪያው ወዲህ ያለውን፣ ማለትም ወደ ኋላ ያለውን ክፍል ብቻ ይሁን። ካታሊስቱ በእርግጥ ከታፈነ ለታፈነበት ምክንያት አለ፤ ዘይት የሚበላ ፒስተን ወይም የሚስት ሻማ ይኖራል። ምክንያቱን ሳያክሙ ካታሊስቱን መንቀል፣ ትኩሳት አሳየ ብሎ ሙቀት መለኪያውን እንደ መስበር ነው። ሌላም የታማኝነት ጉዳይ አለ። በካታሊስቱ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ውድ ስለሆኑ አሮጌው ዕቃ ራሱ ገበያ አለው። ከመኪናው የወጣ ማናቸውም ዕቃ የባለቤቱ ነው፤ በእጁ ልናስረክበው ይገባል።

አገጣጠም

«የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል» የሚባለው ለዚህ ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ሥርዓቱ ይቀዝቅዝ፤ መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ ይታገዱ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆሚያ አልተሠራም፤ ሰው ከሥር ከመግባቱ በፊት ሻሲው በካቫሌቶ ላይ ይረፍ። ብየዳ ካለ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የብየዳው መሬት ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። ገመዱ ርቆ ቢታሰር ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎችና በኮምፒውተሩ በኩል አቋርጦ ጉዳት ያደርሳል። የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ይኑር፤ በነዳጅ ማጠራቀሚያው አቅራቢያም ምንም አይበየድ።

አሮጌው ማርሚታ ቆራርጦ ከመጣሉ በፊት ከነማንጠልጠያው ይለካ፤ ለአዲሱ ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። አዲሱ ከሞተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ይደርደር፤ ቡሎንና ዳዶው ሁሉ በልቅ ይያዝ፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ከታየ በኋላ ብቻ ከፊት ወደ ኋላ ይጥበቅ። ጓርኒሲዮኖቹ አዲስ ይሁኑ።

ማንጠልጠያው ጎማ የሆነበት ምክንያት አለው። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ተራ የብረት ቱቦ በ300 ዲግሪ ሲሞቅ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የ304 ብረት ደግሞ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሞተሩም በጎማ መቀመጫው ላይ ይወዛወዛል። ማንጠልጠያውን በብረት በይዶ ማጣበቅ ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ ወደ ማኒፎልዱ መላክ ነው፤ ማኒፎልዱም ይሰነጠቃል።

ፒክ አፕ ከቤት መኪና የሚለየው በጭነቱ ነው። ባዶውን ሲቆም በዲፈረንሻሉና በቱቦው መካከል ሰፊ የነበረው ክፍተት፣ ባሌስትራው በጭነት ሲጎብጥ ይጠብባል። ስለሆነም ክፍተቱ የሚለካው መኪናው ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል ብቻ ሳይሆን፣ በጎማው ቆሞ፣ ጭነትም ተጭኖበት መሆን አለበት። ከፍሬን ቱቦ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከተቀያሪ ጎማና ከነዳጅ ማጠራቀሚያው መራቁ ይረጋገጥ፤ የፋብሪካው ሙቀት መከላከያ ላሜራም ወደ ቦታው ይመለስ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ነገር ውሃ ነው። አንድ ሊትር ነዳጅ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናው አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ይህ ውሃ በማርሚታው ውስጥ ቀዝቅዞ ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ማርሚታውን በዝቅተኛ ጫፉ ላይ ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለውን መምረጥና ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ መግጠም ዕድሜውን ያስረዝማል።

በመጨረሻም ስለ ጫፉ። የጭስ ማውጫው አፍ ከካሶኒው ጠርዝ ወጥቶ ማለቅ አለበት። ከካሶኒው ሥር ያለቀ ቱቦ ጭሱን እዚያው ያከማቻል፤ መኪናው ሲሄድ ከኋላው የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪትም ጭሱን ወደ ካሶኒው መልሶ ይስባል። ካሶኒው ሸራ የለበሰና ሰው የተቀመጠበት ከሆነ ያ ሸራ በከሰል የሞቀው ቤት ይሆናል። ለማማር ሲባል ያጠረ ቱቦ የሰው ሕይወት ሊያሳጥር ይችላል።

ከሥራው በኋላ

ሥራው አለቀ የሚባለው ሞተሩ ሲነሣ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተነሥቶ፣ የጭስ ማውጫው አፍ ጓንት ባደረገ እጅ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይታፈን፤ የሚያፏጭ መገጣጠሚያ ካለ ይሰማል። የሳሙና ውሃም ቀዳዳውን በአረፋ ያሳያል። ከኦክሲጅን ሴንሰሩ በፊት ያለች ትንሽ ቀዳዳ አየር እያስገባች ሴንሰሩን ስለምታሳስተው፣ ሞተሩ ያለ አግባብ ነዳጅ ይበላል። ጥቂት ቀናት ከተነዳ በኋላ ደግሞ ብረቱ ሞቆ ቀዝቅዞ ስለሚላላ ቡሎኖቹ ዳግመኛ ይጥበቁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ በጋቢናውና በካሶኒው ውስጥ አስቀምጦ መፈተንም ለማናችንም ጋራዥ የሚከብድ አይደለም።

የተከበራችሁ ወገኖች፤

ይህ ጉዳይ ነገ የሚያልፍ መስሎ የሚታየው ይኖር ይሆናል። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወቃል። ነገር ግን አዲስ መግባቱ በቀነሰ ቁጥር በእጃችን ያሉት መኪናዎች ዕድሜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ያረጀ መኪና ደግሞ ከሞተሩ ይልቅ በጠጋኙ እጅ ይኖራል። በሚመጡት ዓመታት ከተሞቻችን የሚተነፍሱት አየር በከፊል የሚወሰነው በእኛ የብየዳ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገሮችን የጋራ ልማድ እንዲያደርግ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ጭስ ማውጫ ከመቁረጣችን በፊት እንለካ፤ የለካነውንም ለደንበኛው በጽሑፍ እንስጠው። ሁለተኛ፣ የጭስ ማጽጃ ክፍልን ለመንቀል የሚቀርብልንን ጥያቄ ምክንያቱን አስረድተን እንመልስ፤ ሥራው ቢያመልጠን እንኳ። ሦስተኛ፣ ሰው በካሶኒው የሚጭን መኪና የጭስ ማውጫው አፍ ያለበት ቦታ ሳይመረመር ከደጃችን አይውጣ።

ይህን ብናደርግ ደንበኛው ምናልባት አያመሰግነን ይሆናል፤ ጭስ ማውጫው በደህና ሲሠራ አይታወቅምና። ከኋላ ያለውም ሰው አያመሰግነንም፤ ስማችንን አያውቅምና። ቢሆንም በሰላም ተንፍሶ ያልፋል። ለእኛ ሙያ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም።